የእማዬ ደብተርና የስኮትላንድ ፈተና

እማዬን ዕድሜዋን ስጠይቃት «የንጉሡ ኢዮቤልዩ ሲከበር እናቴ እኔን አርግዛ ነበር» ትለኛለች። እንግዲህ ሰባ ገደማ ናት። መታወቂያዋ ስድሳ አራት ይላል፤ ተዉት።

ባለፈው እሑድ ደም ግፊቷን ስለካት «የአምናው ስንት ነበር?» አለችኝ። የጻፍኩበት ደብተር የለም። ቤት ስንቀይር ጠፍቷል። አፈርኩ።

ስኮትላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1936 የተወለዱ ተማሪዎች በሙሉ ማለት ይቻላል፣ ከ70,000 በላይ ልጆች፣ በ1947 በአንድ ቀን አንድ ዓይነት የአእምሮ ፈተና ተፈተኑ። ውጤታቸው አልተጣለም። ከ2004 ጀምሮ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከተማዋና አካባቢዋ የሚኖሩ 1,091 ሰዎችን ፈልገው ያንኑ ፈተና ደግመው ሰጧቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ገደማ ነበር። ከዚያም በየሦስት ዓመቱ ገደማ እየጠሩ መመርመር ያዙ፦ ደም፣ ሳንባ፣ የአንጎል ምስል።

ጥቅሙ የገባኝ በቡና ነው። በሰባ ዓመታቸው ካፌይን የሚያዘወትሩት ፈተናው ላይ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። «ይኸው!» ልትሉ ነው። ግን የ11 ዓመት ውጤታቸውና የኑሮ ደረጃቸው ሲታሰብ አብዛኛው ልዩነት ጠፋ። ድሮም ጎበዞች ነበሩ። ያ የልጅነት ወረቀት ባይኖር ምስጋናውን ጠቅላላ ቡናው ይወስደው ነበር።

ለእማዬ ስነግራት ቶናውን እየቀዳች ነበር።

«ታዲያ እኔን በአሥራ አንድ ዓመቴ ጥጃ ስጠብቅ ማን ፈተነኝ?» አለችና ስኒውን ዘረጋችልኝ።

አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ 138 በ84 ተጽፏል።