ዓሣ የሌለው አኳሪየም

ሳሎን ያስቀመጥሁት ባለ 60 ሊትር አኳሪየም ዛሬ 37ኛ ቀኑን ያዘ። አሸዋው፣ ማጣሪያውና ማሞቂያው ተሟልተውለታል፤ ዓሣ ግን የለውም። እናቴ በመጣች ቁጥር «ልጄ፣ እንዲህ ኩልል ያለ ውኃ ይዘህ ምን ትጠብቃለህ?» ትለኛለች።

አምና እኔም የውኃን ጥራት የምመዝነው በዓይኔ ነበር። አኳሪየሙን በሞላሁ ማግስት ስድስት ወርቃማ ዓሣዎች አስገባሁ (ለዚያ ስፋት ስድስት መብዛታቸውንም ያወቅሁት በኋላ ነው)፤ ሳምንት ሳይሞላ አንድም አልተረፈም። ዓሣ በስንጥቡ የሚያስወጣው አሞኒያ በውኃ ውስጥ ቀለም ስለሌለው፣ ውኃው እየመረዛቸውም ቢሆን ኩልል እንዳለ ነበር። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ የዓሣን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም የሚያደርገውን ናይትራይት ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በአሸዋውና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ እስኪበዙ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ እኔ የሰጠኋቸው አንድ ሌሊት ነበር።

ዘንድሮ ዓሣ ሳላስገባ፣ ለባክቴሪያዎቹ ምግብ እንዲሆን ንጹሕ አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊግራም ያህል እየጨመርሁ፣ ማታ ማታ በመመርመሪያ ጠብታ ለክቼ እመዘግባለሁ። በ11ኛው ቀን ናይትራይት ታየ፤ በ23ኛው ቀን የጨመርሁት አሞኒያ በአንድ ቀን ውስጥ ጠፋ። በማግስቱ ስሕተት ሠራሁ። በሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ፣ የመጣ ዕለት ሮቶው ይሞላል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ቤቱ ይወለወላል፤ እኔም በዚያው ግርግር ስፖንጁን ከቧንቧው ሥር ይዤ ነጭ እስኪሆን አጠብሁት። ቡናማው እድፍ ያን ሁሉ ቀን ስጠብቃቸው የነበሩት ባክቴሪያዎች ማደሪያ እንደሆነ እያወቅሁ፣ ባክቴሪያ የሚገድል ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውኃ አጥቤ ጣልሁት። በሁለተኛው ቀን አሞኒያው ተመለሰ። አሁን ስፖንጁን የማለቀልቀው ከአኳሪየሙ በባልዲ በቀዳሁት ውኃ፣ ያውም በስሱ ነው።

ሌላው ሥጋቴ መብራት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃዋ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ውኃ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ማጣሪያው ሲቆም ስፖንጁ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ይታፈናሉ። ባለፈው ሐሙስ መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ ስፖንጁን አውጥቼ አኳሪየሙ ውስጥ አንሳፈፍሁትና፣ ውኃውን በጭልፋ እየቀዳሁ ከላይ መልሼ አፈስስ ነበር። እናቴ ከሶፋው ላይ ሆና አንዳች ሳትናገር አየችኝ።

የዛሬ ማታ ልኬት፦ አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት 0.5። ትናንት 1 ነበር።