ዋሽንቱ ያልዋሸ ዕለት

ዋሽንተኛው ባሕር ዳር የመጣው አራት ዋሽንት በጨርቅ ጠቅልሎ ነው። ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። ደብረ ማርቆስ ላይ የተቀረጸ የአዝማሪ ዘፈን አለ፤ ፕሮዲውሰሩ ከሥሩ ሲንተሳይዘር፣ ቤዝና ኤሌክትሮኒክ ከበሮ አስገብቶበታል። የቀረው መግቢያውንና መሐል ላይ የተተወውን ክፍት ቦታ በዋሽንት መሙላት ነው። ማዳመጫውን አጠለቀ፣ ረጅሙን ዋሽንት አነሳ፣ ሁለት ሐረግ ነፋና አቆመ። አጭሩን ሞከረ። ሦስተኛውን ሞከረ። አራተኛውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሳይነፋ መለሰው።

«መሰንቆው ወርዷል» አለ።

«አልወረደም ጋሼ፤ አዝማሪው እንደዚያ ቃኝቶት ነው» አለ ድምፅ ቀራጩ።

«የሚቃኘው እኮ በዚህ ነው ልጄ፤ ሁልጊዜ» ብሎ ረጅሙን ዋሽንት አሳየው።

የቀራጩ መልስ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። መሰንቆ ቋሚ ድምፅ የለውም፤ አዝማሪው በጉሮሮው ልክ ያጠብቀዋል፣ ያላላዋል። በዚያ ላይ ቀረጻው የተካሄደው በነሐሴ ነው። ዝናብ ሲበዛ የሳጥኑ ቆዳ እርጥበት ስቦ ይረግባል፤ ጭራውን ደግፋ የያዘችው እንጨት ትሰምጣለች፤ ጭራው ሲላላ ድምፁ ይወርዳል። ስለዚህ «የነሐሴ ቆዳ ነው» ተባለና ዋሽንቱ ለብቻው ተቀርጾ በኮምፒውተር አንድ ግማሽ ድምፅ ተኩል ያህል ዝቅ ተደረገ። ቃናው ገጠመ። የሸምበቆው ትንፋሽ ግን የውሃ ቱቦ ውስጥ እንደሚነፋ ነገር ሆኖ ቀረ።

ጉዱ የወጣው በማግስቱ፣ በአንዲት ስልክ ነው። ደብረ ማርቆስ አብራ የነበረች ረዳት የዚያን ቀን ያነሳችውን ቪዲዮ ለዋሽንተኛው ከፈተችለት። እሱም ምንም ሳይል ረጅሙን ዋሽንት አንስቶ ከስልኩ ጋር መንፋት ጀመረ። ልክክ አለ። ስልኩ ውስጥ ያለውና ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው መሰንቆ የአንድ ሰው፣ የአንድ ሰዓት፣ የአንድ ዘፈን ነው። ስልኩ ላይ ከመጀመሪያው የደጋን ምት እስከ መጨረሻው ስንኝ 5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ፈጅቷል፤ ኮምፒውተሩ ላይ 5 ደቂቃ ከ48። ሃያ ስምንት ሰከንድ ከየት መጣ?

ቀረጻው ጠጅ ቤት ውስጥ ነበር። ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ተሰቅሎ፣ አንዱ ማይክሮፎን ከመሰንቆው ቆዳ 35 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ፣ ሌላው ወደ አዝማሪው አፍ ዞሮ። (ድምፅህንና መሰንቆህን ለየብቻ እንቅረጽ ቢሉት አዝማሪ አይሆንለትም፤ አንዱ ሌላውን እየጠራ ነው የሚሄደው። አንዱ ወደ ሌላው ማይክሮፎን መግባቱን ተቀብሎ መሥራት ነው።) ሪከርደሩ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት (በሰከንድ 48,000 ጊዜ ድምፁን ለክቶ፣ እያንዳንዱን ልኬት በ24 ቢት እንዲጽፍ) ተስተካክሎ፣ ባትሪ ሳይገባበት፣ ከግድግዳው ሶኬት ተሰክቶ ነበር። ሦስት ዘፈን በአንድ ፋይል ተቀርጾ ጭብጨባው ሳያልቅ መብራት ጠፋ።

ሪከርደሩ ድምፁን የሚያስቀምጥበት የዌቭ (WAV) ፋይል መጀመሪያው ላይ አብዛኛውን ጊዜ 44 ባይት የሆነች ራስጌ አለችው። በሰከንድ ስንት ናሙና (የድምፅ ልኬት) እንደተወሰደ፣ ስንት ቢት እንደሆነ፣ ስንት መስመር እንዳለውና ርዝመቱ የሚነበበው ከእሷ ነው። ርዝመቱ የሚሞላው ቀረጻው በወጉ ሲቆም ነው። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ድምፁ ካርዱ ላይ ይተርፋል፣ ራስጌው ግን ሳይሞላ ይቀርና ኮምፒውተሩ ፋይሉን አልከፍት ይላል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ኦዳሲቲን በመሰለ ፕሮግራም እንደ ጥሬ ዳታ ማስገባት። ያን ጊዜ ራስጌው ይነግረን የነበረውን ሁሉ ሰው በእጁ መሙላት አለበት።

ከሚሞሉት ውስጥ አብዛኞቹ ሲሳሳቱ ጮኸው ይናገራሉ። 24 ቢቱን 16 ቢሉት የሚሰማው የጎርፍ ድምፅ ብቻ ነው። ሁለቱን መስመር አንድ ቢሉት ዘፈኑ በግማሽ ፍጥነት ይጎተታል። የናሙናው ቁጥር ግን አይጮኽም። የፕሮግራሙ መሙያ ሳጥን ውስጥ 44,100 ተጽፎ ነበር፤ ያስገባው ሰው ድምፁ ጥርት ብሎ ሲወጣለት እዚያው ተወው። በሰከንድ 48,000 ናሙና ሆኖ የተቀረጸ ነገር በ44,100 ሲነበብ እያንዳንዱ ሰከንድ ወደ 1.088 ሰከንድ ይለጠጣል፤ 320 ሰከንዱ 348 ይሆናል። ቃናውም 147 ሴንት ይወርዳል። (አንድ ግማሽ ድምፅ መቶ ሴንት ነው።) በደቂቃ 120 የነበረው ምት ወደ 110 ይወርዳል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ለሦስት ሳምንት ማንም ሳይሰማው የቀረበት ምክንያት ከቅኝቱ ነው። ሁሉም ድምፅ እኩል ስለወረደ በመካከላቸው ያለው ርቀት አልተነካም፤ ትዝታው ትዝታ፣ አንቺሆዬውም አንቺሆዬ ሆኖ ይሰማል። የመሰንቆው መነሻ ድምፅ በፒያኖ ሁለት ቁልፎች መካከል ቢወድቅም ማንም አይደንቀውም፤ መሰንቆ መቼ 440 ኸርዝ ጠብቆ ያውቃል? ፕሮዲውሰሩ ራሱ ሲንተሳይዘሩን ነው ወደ መሰንቆው ያስጠጋው፤ ይህ ደግሞ ትክክለኛ ልማድ ነው። መሰንቆን በድምፅ ማረሚያ ወደ አሥራ ሁለቱ ቁልፎች መጎተት የጣት መንሸራተቱን ደረጃ ደረጃ ያደርገዋል። ሌላም አለ፤ የዘገየው ቅጂ ያምር ነበር። የአዝማሪው ጉሮሮ ወፍሯል፣ መርገብገቡ ሰፍቷል፣ ቤዙ ከሥሩ ተደላድሎ ተቀምጧል። ከተቀላቀሉት ሥራዎች ሁሉ «ይሄ ነው ከባዱ» የተባለለት እሱ ነው። አውቆ ማዘግየት የዚህ ሙዚቃ አንድ ዘዴ ነው፤ አዝማሪው ሳይጠየቅ እንደ ሰካራም እንዲያዜም ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞ የጎጃም እስክስታ በ110 ትከሻ አያነሳም።

ማስረጃውም ፋይሉ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከጠጅ ቤቱ ጓዳ የለስላሳ ፍሪጅ እያጎራ ነበርና ማይክሮፎኑ ይዞታል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ጉርምርምታው 50፣ 100፣ 150 ላይ መቆም አለበት። የድምፅ መተንተኛው ሲከፈት መስመሮቹ 46፣ 92 እና 138 አካባቢ ተሰልፈዋል። እንደ ቆሻሻ ሊያጠፉት የነበረ ድምፅ ነው።

ጥገናው አንድ ቀን ወሰደ። ዋናው ፋይል በ48,000 እንደገና ገባ። የተበላሸውን ቅጂ በቃና ማንሻ ማንሳት አያዋጣም፤ ርዝመቱን ሳይነካ ቃናውን ብቻ ስለሚያነሳ የደጋኑን መነሻ ያደበዝዘዋል። የአዝማሪውን እጅ ተከትሎ የተሠራው የፍጥነት ካርታ በሙሉ በ1.0884 ተባዛ። በሚዲ (ድምፁ ሳይሆን የኖታው ትእዛዝ ብቻ ሆኖ) የተጻፈው ቤዝ ተከትሎ ሄደ፤ ቃናው ብቻ አንድ ግማሽ ድምፅና 47 ሴንት ከፍ አለ። ያስቸገረው በቁጥር የተጻፈው ነው። የማስተጋቢያው ጊዜ 544 ሚሊሰከንድ ተብሎ በእጅ ስለገባ አብሮ አልተለወጠም፤ 500 እስኪደረግ ድረስ ቺክቺካውን እያደናቀፈ ቆየ። በዘገየው ቅጂ ላይ የተመታው እውነተኛው ከበሮ ተጥሎ እንደገና ተመታ።

ከዚያ ወዲህ በቡድኑ ቀረጻ ላይ ሪከርደሩ ሶኬት ላይ ቢሰካም ባትሪ ሳይገባበት አይከፈትም። አዝማሪው ከመጀመሩ በፊት 440 ኸርዝ ድምፅ ለአሥር ሰከንድ ይቀረጻል፤ ፋይሉ ተሳስቶ ከተነበበ 404 ሆኖ ይጋለጣል። የፋይሉ ስምም ከዘፈኑ ርዕስ ቀጥሎ 48-24 የሚል ይዟል።

ዋሽንተኛው በረጅሙ ዋሽንት ነፋ፤ በሁለተኛው ሙከራ አለቀ። አራቱንም በጨርቁ እየጠቀለለ «ትናንት የነፋሁትስ?» ብሎ ጠየቀ። ቀራጩ ያን መስመር ቀድሞ ደምስሶት ነበር።