ማይክሮዌቭ የሚመጥ ናኖኮምፖዚት፦ ከዱቄቱ እስከ ልኬቱ

ካርቦን ሲበዛ መምጠጡ ይጨምራል ብሎ የሚጀምር ብዙ ነው። ካርቦኑ ሲበዛ ግን ቁሱ እንደ ብረት ይሆንና ሞገዱን ከገጹ ላይ ይመልሰዋል፤ ያልገባ ሞገድ ደግሞ አይመጠጥም። ስለዚህ ለኤክስ ባንድ (ከ8.2 እስከ 12.4 ጊጋኸርዝ ያለው የማይክሮዌቭ ክልል) ናኖኮምፖዚቱን፣ ማለትም ናኖ ቅንጣቶች የተደባለቁበትን ቁስ፣ ስሠራ ካርቦን ናኖቲዩቡን (እጅግ ቀጫጭን የካርቦን ቱቦዎች) በክብደት 2 በመቶ ላይ አቆምኩት፤ ማግኔታይቱ (ማግኔት የሚስበው ጥቁር የብረት ኦክሳይድ) 20 በመቶ፣ ቀሪው ኢፖክሲ (ከሬዚንና ከማጠንከሪያው ከሃርድነር የሚሠራ ፕላስቲክ) ነው።

ማግኔታይቱን ራሴ አዘጋጀሁት። 5.41 ግራም ፌሪክ ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬትና 1.99 ግራም ፌረስ ክሎራይድ ቴትራሃይድሬት (በሞል 2 ለ 1) ናይትሮጅን በተነፋበት 100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ አሟሟሁ። 80 ዲግሪ ላይ እያማሰልኩ 25 በመቶ አሞኒያ ፒኤች 10 እስኪደርስ ጨመርኩ። ዝቃጩ ድብን ያለ ጥቁር መሆን አለበት፤ ወደ ቡናማ ካደላ አየር ገብቶበታል። ከታች ማግኔት ይዞ ደጋግሞ ማጠብ፣ ከዚያ በቫኩም ማድረቅ ነው። በስሌት 2.3 ግራም ይወጣል፤ ከእጥበቱ ጋር የሚሄድ አይጠፋም።

ጣጣው ያለው ማደባለቁ ላይ ነው። ናኖቲዩብ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይጓጉላል። 0.1 ግራሙን በአሴቶን ውስጥ፣ ዕቃውን በረዶ ላይ አስቀምጬ፣ በአልትራሳውንድ በተንኩት፤ 1 ግራም ማግኔታይትና ሬዚኑን አከልኩ። አሴቶኑ ተንኖ ማለቁን የሚነግረው ሚዛን እንጂ አፍንጫ አይደለም፦ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ይጠበቃል። ትንሽ ከቀረ ኢፖክሲው ይለሰልሳል፣ ቀዳዳም ያወጣል። ሃርድነሩ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከሬዚኑ ጋር 3.9 ግራም ይሆናሉ።

ማግኔታይት ከኢፖክሲ አራት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ይዘቅጣል። ስለዚህ ወደ ቅርጹ የማፈሰው መወፈር ሲጀምር ነው። መዝቀጡ በኔትወርክ አናላይዘር (ከናሙናው የሚመለሰውንና የሚያልፈውን ሞገድ በሚለካው መሣሪያ) ላይም ይታያል፦ ካሊብሬሽኑ (የመሣሪያው ማስተካከያ) ትክክል ሆኖ ከፊትና ከኋላ የሚመለሰው ሞገድ ከተለያየ ናሙናው ወጥ አይደለም።

ናሙናው ለ22.86 በ10.16 ሚሊ ሜትር ዌቭጋይድ (ሞገዱን ለሚመራው የብረት ቱቦ) ልክክ ማለት አለበት። በሰፊው ግድግዳ በኩል የቀረ ስስ ክፍተት እንኳ ፐርሚቲቪቲውን (ቁሱ ለኤሌክትሪክ መስክ የሚሰጠውን ምላሽ) ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ከልኬቱ የሚሰላው የተመላሽ ሞገድ 10 ዲሲቤል ቅናሽ 90 በመቶ ተመጠጠ ማለት የሚሆነው ከኋላ ብረት ሲኖር ብቻ ነው። ውፍረትም ቀልድ አይደለም፦ ፐርሚቲቪቲው 9፣ ፐርሚያቢሊቲው (ለማግኔት መስክ ያለው ምላሽ) 1 አካባቢ ከሆነ 2.5 ሚሊ ሜትር ለ10 ጊጋኸርዝ ይስማማል፤ በብርጭቆ ወረቀት 0.2 ሚሊ ሜትር ቢላጥ ከፍተኛው መምጠጥ ያለበት ቦታ ወደ 10.9 ጊጋኸርዝ ይሸሻል።