ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሂዱ

እናቴን ያስገባኋት እኔ ነኝ። ይኼን አስቀድሜ ልናገር፤ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ሲጠጣ "እናቱን ናርሲንግ ሆም ጣላት" የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ስለሚደርስ። ናርሲንግ ሆም፣ ማለትም የነርስ ክትትል ያለበት የአረጋውያን ቤት፣ እንኳ አይደለም። የመርሳት በሽታ ላለባቸው ሰዎች ለብቻው የተቆለፈ ክፍል ያለው አሲስትድ ሊቪንግ (አረጋውያን በዕለት ኑሯቸው የሚታገዙበት መኖሪያ) ነው፣ እነሱ ሜመሪ ኬር ይሉታል። ልዩነቱ ለሐሜተኛ ምንም አይደለም፣ ለኪስ ግን ብዙ ነው። እመለስበታለሁ።

እማዬ የደሴ ልጅ ናት። ሜሪላንድ ከመጣች በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብና ስታጥፍ ኖራለች። መጀመሪያ ወጥ ላይ ሁለቴ ጨው መጨመር ጀመረች። ቀጥሎ እኔን በሟች ወንድሟ ስም መጥራት። እኛም እንደ ወጉ "እርጅና ነው፣ ጃጅታ ነው" ብለን አለፍነው። ሐኪም ጋ የወሰድኳት በሐምሌ 2014 ነው፤ በፈረንጁ ጁላይ 2022። በሁለቱም የምጽፈው በምክንያት ነው። ሐኪሟ በስልክ አስተርጓሚ "ዘመኑ ስንት ነው?" ብላ ስትጠይቃት እማዬ "2014" አለች። ስህተት ተባለ። "ወቅቱስ?" "ክረምት ነዋ!" አስተርጓሚው "ዊንተር" ብሎ አቀበላት። ውጭ ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጣል። ይኼም ስህተት ተባለ። እኔ ጣልቃ ገብቼ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ልክ መሆኑን፣ ክረምትም ለእኛ ዝናብ እንጂ በረዶ አለመሆኑን ሳስረዳት ሐኪሟ ሳቀችና ሁለቱን ነጥብ መለሰችላት። እንድትይዛቸው ከተነገሯት ሦስት ቃላት ግን ከደቂቃዎች በኋላ አንዱንም አላስታወሰችም። እሱን ምንም ትርጉም አያስተካክለውም።

ያን ሰሞን ካደረግኳቸው ነገሮች ሁሉ የጠቀመኝ ውክልናው ነው። ገና የምትፈርመውን እያወቀች የጤናዋንም የገንዘቧንም አስፈረምናት። ስድስት ወር ብንቆይ ኖሮ መፈረም ስለማትችል ፍርድ ቤት እንሄድ ነበር። ወላጃችሁ ጨው ሁለቴ መጨመር ከጀመረ እሱን ነገር ዛሬውኑ አስቡበት።

በጥር አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ለኪዳን ወጣች። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ፖሊስ አገኛት፣ አንድ እግሯ በጫማ፣ ሌላው በካልሲ። እኔ ኡበር እነዳለሁ፣ ባለቤቴ ሌሊት ሆስፒታል ትሠራለች፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ከዚያ ደግሞ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ነገር አለ። እናቴን ማጠብ አልቻልኩም። ወንድ ልጇ ነኝ። ልብሷን ሳወልቅ የምታየኝ አስተያየት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ፣ ልጇ መሆኔ በጠፋባት ቀን ደግሞ ለእሷ የማታውቀው ወንድ ነበርኩ። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በስልክ "ሰው ቅጠር" ትለኛለች። ቀን ሙሉ ሰው መቅጠር እዚህ ስንት እንደሆነ ስነግራት ዝም አለች።

የመጀመሪያውን ቤት ያየነው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው፣ በቀጠሮ። ፒያኖ አለ። ትኩስ ብስኩት ይሸታል። አዛውንቶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ፊኛ ይወራወራሉ። ያስጎበኘችን ሴት የእማዬን እጅ ይዛ "እዚህ ሁላችንም ቤተሰብ ነን" አለች፣ እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ። የጠየቅኩት መኝታ ቤቱ ብርሃን አለው ወይ፣ በሩ ይቆለፋል ወይ፣ ስንት ነው። ሦስት የማይረቡ ጥያቄዎች። በወር 7,900 ዶላር ነበር፤ ሶሻል ሴኩሪቲዋ፣ የመንግሥት ጡረታዋ ማለት ነው፣ ያልሸፈነውን ለሦስት ወንድማማች ተካፍለን ከፈልን። በሁለተኛው ወር "እንደገና ስንገመግማት ከፍ ያለ እንክብካቤ ያስፈልጋታል" ብለው 900 ጨመሩ። ውሉ ላይ ተጽፏል፣ አላነበብኩትም።

ስለ ገንዘቡ ቁርጡን ልንገራችሁ። ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና መድን፣ ለእንዲህ ዓይነት ቤት ኪራይና ምግብ አይከፍልም። ብዙ ሰው ይከፍላል ብሎ ተማምኖ ነው የሚኖረው። ሜዲኬይድ፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለው ሰዎች ያለው የመንግሥት መድን፣ ለናርሲንግ ሆም ይከፍላል፤ ለአሲስትድ ሊቪንግ ግን ሜሪላንድ ውስጥ ዌይቨር በሚባለው የሜዲኬይድ ልዩ ፕሮግራም በኩል ነው፣ እሱም ወረፋ አለው፣ ረጅም ወረፋ። እኔ የተመዘገብኩት ዘግይቼ ነው። ደግሞ ለናርሲንግ ሆም ወይም ለዌይቨር ስታመለክቱ ያለፈውን አምስት ዓመት የባንክ እንቅስቃሴ ያያሉ፣ "ለልጄ ሰጠሁ" የተባለ ገንዘብ ሁሉ ይጠየቃል።

አራት ወር ሙሉ የምንሄደው እሁድ ነበር። ከቤተክርስቲያን በኋላ፣ ልጆቹን አልብሰን፣ ድፎ ዳቦ ይዘን። እሁድ ቀን እማዬ ታጥባ፣ ሻሿ ታስሮ ትጠብቀናለች። ስትከሳ አይተን "የጾሙ ነው" አልን። አንድ ረቡዕ ምሽት በዚያ በኩል ሰው አድርሼ ሳልፍ መኪናዬን አቆምኩና ገባሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ፒያኖው ጋ ማንም የለም። ውስጠኛው ክፍል ስድስት ሴቶች ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረው አንገታቸው ወድቆ ተኝተዋል። ለአሥራ አራት ሰው ያለችው አንዲት ሠራተኛ ናት፣ እሷም ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ትታገላለች። እማዬ የሰው ሹራብ ለብሳለች። ከሥሯ ርሳለች። ፊቷ የተቀመጠው የቱርክ ሥጋ ሳንድዊች ነው፣ ሹካና ቢላ በጎኑ፣ አልተነካም። ረቡዕ ነው እኮ! የልጆቿን ስም ብትረሳም ረቡዕን አልረሳችም።

አንገቷን ሳይ ማተቧ የለም። "ስትታጠብ እንዳያንቃት ቆረጥነው" አለችኝ ሠራተኛዋ፣ በደግነት ነው የነገረችኝ። እሷን አልከስም። ሁለት ሺፍት ደርባ የምትሠራ ምስኪን ናት፣ ከእኛው የባሰች።

በማግስቱ መዝገቧን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ። ውክልናው እዚህ ላይ ሠራ። ክብደቷ 14 ፓውንድ ወርዷል። "ምግብ ትከለክላለች" የሚል በየሳምንቱ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ ላይ መሆኑን ግን ማንም አላስተዋለም። "ኮምባቲቭ" የሚል ዘጠኝ ቦታ ቆጠርኩ፣ ተደባዳቢ እንደማለት ነው። እናቴ ዶሮ እንኳ አርዳ አታውቅም! ቀኖቹን ከሠራተኛ ተራው ጋር አስተያየሁት፤ የሚያጥባት ወንድ በነበረበት ቀን ሁሉ ተደባድባለች። እኔ ልጇ ያልቻልኩትን እሱ እንዴት ይችላል?

ነርሷ ግን ማረጋጊያ መድኃኒት ይጀመርላት አለች። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ያሰቡላት ሴሮክዌልን ነው። ከዚያ ወገን የሆኑት መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የመሞት አደጋን እንደሚጨምሩ ኤፍዲኤ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ በፈረንጁ ከ2005 ጀምሮ ማሸጊያው ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አድርጓል። አንዳንዴ ግድ ይሆናል፣ ሐኪም ያውቃል፣ እኔ አላውቅም። ግን የመጀመሪያው መልስ መሆን የለበትም። ባለቤቴ የሆስፒታል ሰው ናትና "ሽንቷ ይመርመር" አለች። ኢንፌክሽን ተገኘ። አዛውንት ላይ የሽንት ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት፣ ያለ ሕመም፣ እንዲሁ በድንገት የሚያቃዥ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። አንቲባዮቲኩን በወሰደች በሳምንቷ ማታ ማታ መጮኋ ቀነሰ።

ኃላፊዋን አነጋገርኳት። ፈገግ አለች፣ ጻፈች፣ አመሰገነችኝ። ምንም። ሁለተኛ ሄድኩ፣ አሁንም ፈገግታ። እኛ ደግሞ ይሉኝታ ይገድለናል፤ ብቆጣ ቂሙን እማዬ ላይ ይወጡባታል ብዬ እፈራለሁ። ከዚያ ኦምቡድስማን የሚባል እንዳለ ሰማሁ። በየግዛቱ አለ፣ እንዲህ ዓይነት ቤት የሚኖሩ ሰዎችን ወግኖ የሚከራከር፣ በነፃ። ሴትዮዋ ስልክ ስታነሳ የጠየቀችኝ "ቀኑን ይዘሃል?" ብላ ነው። ስልኬ ላይ ጽፌ ይዤ ነበር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ያየሁት፣ የነገርኩት ሰው። እሷ አብራኝ ስብሰባ ከገባች በኋላ በሳምንቱ የምታጥባት ሴት ሆነች። ምሽቱ ግን ያው አንድ ሠራተኛ ለአሥራ አራት ሰው ነበር። በኅዳር አወጣኋት።

ሁለተኛውን ቤት ስፈልግ ሌላ ሰው ሆኜ ነበር። የናርሲንግ ሆሞቹን ኮከብ የሚያሳየው የሜዲኬር ድረ ገጽ አሲስትድ ሊቪንግን አያካትትም፤ እነሱን የሚፈትሸው ግዛቱ ነው፣ ስለዚህ የሜሪላንድን የፍተሻ ሪፖርቶች ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ቀጠሮ ይዤ ጠዋት ካየሁ በኋላ ሳልናገር ምሽት ተመልሼ የበራቸውን ደወል ደወልኩ። ሁለት ቤት በር ላይ መለሱኝ፣ እነሱን ሰረዝኩ። ፒያኖ ስለመኖሩ አልጠየቅኩም። ከቀኑ ዘጠኝ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ስንት ሰው ለስንት ሰው ይሠራል? ቅዳሜስ? ትናንት እራት ምን ነበር? እዚህ ብዙ የቆየችው ሠራተኛ ስንት ዓመት ሠርታለች? ኃላፊዋን ሳይሆን ሠራተኛዋን ጠየቅኩ። ሽታውን መግቢያው ላይ ሳይሆን መታጠቢያ ቤቱ ጋ ቆሜ አሸተትኩ።

ያገኘሁት ተራ መኖሪያ ቤት ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ብዙ ነው። ስምንት አዛውንት፣ ሁለት ሠራተኛ ማታም ጭምር። ሶፋው ያረጀ ነው፣ ምንጣፉ አያምርም። በወር 4,800። ገነት ነው አልልም። አንዴ ወድቃ ግንባሯን ተፈነከተች፣ አንዴ የጥርሷን ሳጥን ጣሉባት፣ ቅዳሜ የምትመጣዋ ልጅ ስልኳን ትወዳለች። ሲሆን ግን በዚያው ሰዓት ይደውሉልኛል። የቀድሞዎቹ አንዴም ደውለውልኝ አያውቁም፣ ለክፍያ ካልሆነ።

ቁም ሣጥኗ በር ላይ ውስጡን አንድ ወረቀት ለጠፍኩ። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የለም። በእጇ ትበላለች፣ እምቢ ካለች በእጃችሁ ጠቅልላችሁ አጉርሷት፣ ጉርሻ እምቢ አትልም። ማተቧ አይወልቅም። የምታጥባት ሴት ብቻ። "ሽንቴ መጣ"፣ "አመመኝ"፣ "ውኃ" የሚሉትን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩ፣ እንግሊዝኛዋ አሁን ጠቅላላ ጠፍቷል፣ መጀመሪያ የሚሄደው በኋላ የተማሩት ቋንቋ ነው መሰል። ከግድግዳው ሰዓት አጠገብ ስድስት ሰዓት ወደኋላ የተመለሰ ሌላ ሰዓት ሰቀልኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲል ዳዊቷን ትጠይቃለች። አታነብበውም አሁን፣ ታቅፈዋለች።

እሁድ መሄድ አልተውኩም። ግን ኡበር ስለምነዳ በሳምንት ሁለት ቀን ምሽት ላይ በዚያ በኩል አፑን እዘጋና ብቅ እላለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ስገባ እራት ላይ ደረስኩ። ጋናዊቷ ሠራተኛ ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልላ ይዛ ከወረቀቱ የተማረችውን "ብይ፣ ብይ" ትላታለች። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በችኮላ እንዲያ ነበር የጻፍኩላቸው። እማዬ አፏን ገጥማ፣ ቀና ብላ፣ እንደ ድሮዋ በጎሪጥ አየቻት።

"ምን አባሽ ነው፣ አንቺ! እኩያሽ ነኝ? ይብሉ በይ!"

ልጅቷ ምን እንደተባለች እኔን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችና "ይ-ብ-ሉ" አለቻት። እማዬ አፏን ከፈተች።