ቲታኒየም በሌለበት ቲታኒየምን ማስተማር

ደብረ ብርሃን ላይ የማቴሪያል ሳይንስ አስተምራለሁ። በጣም የምወደው ርዕስ ሱፐርፕላስቲሲቲ ነው፤ አንድ ቅይጥ ሳይበጠስ ከራሱ ርዝመት ብዙ እጥፍ የሚሳብበት ባህርይ። መጻሕፍቱ የሚያነሱት ምሳሌ ግን ብዙ ጊዜ ቲታኒየም ነው። ቲታኒየሙም፣ በከባድ ግፊት እየጠመዘዘ ቅንጣቱን (ብረቱ የተገነባባቸውን ጥቃቅን ክሪስታሎች) ናኖ፣ ማለትም እጅግ ደቃቅ፣ የሚያደርገው ማሽንም እጄ ላይ የሉም።

ስለዚህ ከሬዲዮ ጠጋኝ የመበየጃ ሊድ ገዛሁ፤ 63 በመቶ ቆርቆሮ፣ 37 በመቶ እርሳስ። የሚቀልጠው በ183 ዲግሪ ነው። የከተማችን ብርድ እኛን ያንቀጠቅጠናል እንጂ ለሊዱ ሙቀት ነው፤ በኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ በሚነሳው የሙቀት መለኪያ) ሲሰላ የክፍሉ አየር ከማቅለጫው ነጥብ 60 በመቶ ያልፋል። ስለዚህ ዘንጉን ለመሳብ ምድጃ አላስፈለገም።

መስኮት ከፍቼ ሊዱን አቀለጥኩ፤ የሚንሳፈፈውን ሙጫ ገፈፍኩ። (እርሳስ መርዝ ነው፤ ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።) አንዱን ዘንግ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ተውኩት። ውስጡ ንጣፍ በንጣፍ ይሆናል። ሌላውን ንጣፉ ተሰባብሮ ደቃቅ ድብልብል ቅንጣት እንዲሆን በመዶሻ ደጋግሜ ቀጠቀጥኩት። ከሁለቱም እኩል ቀጭን ዘንግ ቆርጬ እኩል ክብደት አንጠለጠልኩባቸው።

የተቀጠቀጠው ከላይ እስከ ታች እኩል እየቀጠነ ወረደ። ቅንጣቶቹ፣ በጆንያ ውስጥ እንዳለ ጤፍ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። ያልተቀጠቀጠው ንቅንቅ አላለም። ክብደት ሲጨመርበት አንድ ቦታ ላይ ወገቡ ቀጠነና ተበጠሰ። የተቀጠቀጠውም ቢሆን መንጭቀው ሲስቡት ይበጠሳል፤ ቀስታ ይፈልጋል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቲታኒየም ሳስተምር ቀድሜ የምጠይቀው «ከመጠምዘዙ በፊት ውስጡ ምን ይመስል ነበር?» ብዬ ነው። 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም ያለው የታወቀው ቅይጥ፣ በተለመደው ቅንጣቱ 900 ዲግሪ አካባቢ ይሳባል። ቅንጣቱ ከማይክሮን (ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) በታች ሲደቅ 650 አካባቢ ይበቃዋል። ማሽኑ ግን ሁሉንም እኩል አያደቅም። ወፍራም ንጣፍ ይዞ የገባ፣ ሳይሰበር የቀረ ንጣፍ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ከ1000 ዲግሪ በላይ ሞቆ ውሃ ውስጥ የተነከረው ማርቴንሳይት ይሆናል። መርፌ የመሰለ ስስ መዋቅር ስላለው የበለጠ እኩል ይደቃል፤ ሲሳብም ይህ ይታያል።

ናኖ ስለሆነ ብቻ ግን በቃ አይባልም። ሲሞቅ ቅንጣቱ ያድጋል። አልፋና ቤታ የሚባሉት ሁለት ፌዞች (በቅይጡ ውስጥ የአተም አደራደራቸው የተለያየ ክፍሎች) በደንብ ተሰባጥረው ሲቀመጡ ነው አንዱ የሌላውን እድገት የሚገታው።