አረንጓዴውና ቀዩ መለያ

ዛሬ ስለ ካናዳ ዘማቾች የምዝገባ ቅጽ ሳነብ ዋልኩ፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት። እ.ኤ.አ. በ1914 ከዘመተው የመጀመሪያው ጦር አብዛኛው ብሪታንያ ተወልዶ እንጀራ ፍለጋ ባሕር የተሻገረ ነው። ተራ ወታደር የቀን 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ያገኛል፤ ከፊሉን ለእናቱ ያስቆርጣል። ቅጹ ላይ ወሳኙ መስመር የቅርብ ዘመድ አድራሻ ነው። ቤተሰቡ ቤት ከቀየረ፣ ወይም ልጁ በሐሰት ስም ከተመዘገበ፣ መርዶው ደጃፉን ያጣል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ወታደሩ ማንነቱ እንዲታወቅ አንገቱ ላይ የሚያስረው መለያ ነው። እስከ 1916 አንድ ብቻ ነበር! ለሞቱ ማስረጃ ተፈትቶ ሲወሰድ ሬሳው ስም አልባ ይቀራል፤ መቃብሩን መድፍ ካረሰው ደግሞ ማን ይለየዋል? በኋላ ሁለት ሆነ። ባለ ስምንት ማዕዘኑ አረንጓዴ ከሬሳው ጋር ይቀበራል፣ ክቡ ቀይ ይወሰዳል። ስም፣ ቁጥርና ሃይማኖት ተመቶባቸዋል። ግን ከተጨመቀ ቃጫ የተሠሩ ስለነበሩ እርጥብ አፈር ውስጥ ይበሰብሳሉ።

መቃብሩ ለታወቀ፣ ቤተሰብ በድንጋዩ ግርጌ እስከ 66 ፊደል ማስቀረጽ ይችል ነበር፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠር ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ቪሚ ላይ ባለው ሐውልት ግን መቃብራቸው ያልታወቀ ከ11,000 በላይ ሰዎች ስማቸው ብቻ ተቀርጿል።