የግራው ፔዳልና ጋሼ

ባሕር ዳር ለሳይክል የተመቸች ከተማ ናት፤ ሜዳ ነው። ችግሩ እሾህ ነው። ጎማ በተነፈሰ ቁጥር እስከ ጎሚስታው እየገፉ መሄድ ሰለቸኝና የራሴን ዕቃ ላሟላ ወጣሁ።

ሻጩ ገና «ሳይክል» ከማለቴ አንድ የመፍቻ ሳጥን ከፈተልኝ። እንደ ወርቅ ቤት መስኮት ያብለጨልጫል።

«በዚህ አውሮፕላን ትፈታበታለህ» አለኝ።

«አውሮፕላን የለኝም፤ ሳይክል ነው።»

«ታዲያ ሳይክል ምን አላት!»

ሳይክል 15 ቁጥር አላት። ሳጥኑ ውስጥ 12 አለ፣ 13 አለ፣ 14 አለ፤ ከዚያ ዘሎ 17። የኋላ ቸርኬ ዳዶ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 15 ነው፣ ፔዳልም እንደዚሁ። 14 አይገባም፣ 17 ይሽከረከራል። በፒንሳ ከታገሉት የዳዶው ጠርዝ ተበልቶ ክብ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጎሚስታውም አይምርዎትም። የገዛሁትን ሳጥን ልመልስ ብሄድ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሳጥኑ ተቀምጦበት ከነበረው ቦታ ጀርባ።

በመጨረሻ የሚጠቅመኝን ያገኘሁት መሬት ላይ አንጥፎ አሮጌ መፍቻ ከሚሸጥ ልጅ ነው። ፔዳሉ ሥር የሚገባ ስስ 15 ቁጥር፣ ኤል የሚመስሉት ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎች 4፣ 5 እና 6። ማስቲሽ፣ ብርጭቆ ወረቀትና የአሮጌ ካላማዳሪያ (የውስጥ ጎማ) ቁራጭ ጨመርኩ። ፖምፓ ስትገዙ አፉን እዩ፤ እንደ መኪናው ወፍራም ቫልቭ አለ፣ ቀጭንም አለ። ጎማ ማውለቂያው የፕላስቲክ ነው። ካቻቪቴ ካላማዳሪያውን ይነክሰዋል፤ አንዱን ቀዳዳ ልትለጥፍ ሁለት ታደርገዋለህ። ማንኪያ ደህና ነበር፤ ግን ታላቅ ወንድሜ ጎማ ያወለቀባቸው ሁለት ማንኪያዎች እስከ ዛሬ እንደጎበጡ ስለሆነ እናቴ ኩሽና በር ላይ ቆማ «ትነካትና!» ብላለች።

አሁን ወደ ፔዳሉ። የግራው ይንቋቋ ስለነበር ሁለቱንም ልቀይር ግቢ ውስጥ ሳይክሉን ገለበጥኩ። መፍቻ ሲንኳኳ የግቢያችን ጋሼ ቤት አይቀመጡም። ዕድሜ ልካቸውን የከባድ መኪና መካኒክ ነበሩ።

«አምጣ ወዲህ!»

የቀኙ ፔዳል እንደታዘዘ ወጣ። የግራው ንቅንቅ አላለም። ጋሼ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። መፍቻው ላይ የብረት ቱቦ አስረዘሙበት። ሁለት ጎረምሶች ጠሩ፤ አንዱ ሳይክሉን አቀፈ፣ ሌላው ቱቦው ላይ ተንጠለጠለ።

«ጋሼ፣ የግራው የብሎን ጥርስ እኮ ተገላቢጦሽ ነው። ሲነዳ እየላላ እንዳይወልቅ ተብሎ ነው የተሠራው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «የተገላቢጦሽ፣ ውሻ ወደ ሰርዶ አህያ ወደ ሊጦ! ብሎን በግራ ነው የሚፈታው። አንተ ሳትወለድ ጀምሮ።»

ጥብቅ፣ ጥብቅ፣ ጥብቅ። ደግነቱ ባለቤታቸው እትዬ «ቡናው ቀዘቀዘ» ብለው ተጣሩ። ጋሼ አንድ ስኒ ጠጥተው እስኪመለሱ መፍቻውን ወደ ሌላው ዞር አደረግኩት። ቀጭ! አለና በእጄ ወጣ።

ጋሼ ፔዳሉን ተቀብለው ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ዝም አሉ። ከዚያ ለጎረምሶቹ፣ «አያችሁ? የግራ ነገር በተገላቢጦሽ ነው የሚፈታው። ይሄን ሁሉም ሰው አያውቅም።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ቧንቧ አለ። ቅዳሜ የግራው መንጠባጠብ ጀመረና ጋሼ መፍቻዬን ተውሰው ወጡ። «ተወው፣ ይሄ የግራ ነው» አሉኝ። እየዘጉ መስሏቸው አዞሩ፣ አዞሩ፣ የቧንቧው ራስ እጃቸው ላይ ቀረ። ውሃው ጣሪያ ነካ። የተሰጣው በርበሬ ሳይቀር ተንሳፈፈ።

እትዬ ከደጃፍ ሆነው «በቀኝ! በቀኝ አዙረው!» ይጮሃሉ።

ጋሼ ከጎርፉ መሃል፦ «በማን ቀኝ?»